ቆጣሪ የማያነበው ከፍታ፦ የቧንቧ ውሃ ወደ የካ ተዳፋት እንዴት ይወጣል? ዋጋውንስ ማን ይከፍላል?

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚዘልቁት ሰፈሮች ለሚኖር ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ልዩ ትርጉም አለው። የፈረቃው ተራ በደረሰበት ሌሊት ቧንቧው አስቀድሞ አየር ያፏጫል፤ ቀጥሎም ሳል እንደያዘው ሰው እየተቆራረጠ ጥቂት ያንጠባጥባል፤ በመጨረሻም ቀጭን ውሃ መውረድ ይጀምራል። ጀሪካኑ፣ ባልዲውና በርሜሉ ተራ በተራ ይሰለፋሉ። ሊነጋጋ ሲል የታችኛው ከተማ ይነቃል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቧንቧዎች ይከፈታሉ፤ የላይኛው ሰፈር ቧንቧ ይደርቃል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ቤቱ በዚሁ ተዳፋት ላይ በመሆኑ ነገሩን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

በአንድ ወቅት ከኮተቤ አካባቢ የመጣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስለ ፈሳሾች ግፊት ካስተማርሁ በኋላ ወደ ጠረጴዛዬ ቀርቦ፣ «መምህር፣ የለገዳዲ ትልቁ ቧንቧ በሰፈራችን በኩል ያልፋል፤ እኛ ግን በሳምንት አንድ ቀን ነው ውሃ የምናገኘው። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?» ሲል ጠየቀኝ። የዚያን ዕለት የሰጠሁት መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር። ጥያቄው ግማሹ የፊዚክስ፣ ግማሹ ደግሞ የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱን ነጣጥሎ መመለስ እንደማይቻል የተረዳሁት ቆይቼ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም አንድ ላይ ለማየት እንሞክራለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ውሃ ሽቅብ ሲወጣ የታየበት ዘመን

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ዐሠርት ዓመታት፣ የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ተዳፋት ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አመጣ። ግቢው የተሠራው በጉብታ ላይ ነው። ስለዚህ ውሃው ከተራራው ወደ ዝቅተኛው ቦታ ከወረደ በኋላ እንደገና ሽቅብ ወደ ግቢው መውጣት ነበረበት። ወራጅ ውሃን ሁልጊዜ ቁልቁል ሲሄድ ብቻ ያየ ሕዝብ ይህን አይቶ እጅግ ተደነቀ፤ ግጥም እስከመግጠም ደርሷል።

ዛሬ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ምሥጢሩን ያውቀዋል። በአንድ ቱቦ የተገናኙ ሁለት ዕቃዎች ውስጥ ያለ ውሃ ሳይንቀሳቀስ በቆመ ጊዜ የሁለቱም ወለል እኩል ከፍታ ላይ ይሆናል። የዕቃዎቹ ቅርፅም ሆነ ቱቦው በመካከል ምን ያህል ዝቅ ማለቱ ለውጥ አያመጣም። የእንጦጦው ምንጭ ከግቢው ጉብታ በላይ እስከሆነ ድረስ ውሃው በመካከል ወደ ሸለቆ ቢወርድም መውጣቱ አይቀርም። የሚያወጣው የመሬት ስበት ነው፤ ለዚህም አንድ ሳንቲም አይጠየቅበትም።

መሐንዲሶች ግፊትን ብዙ ጊዜ በሜትር መግለጽ የሚወዱት በዚህ ምክንያት ነው። 10 ሜትር ቁመት ያለው የውሃ ዓምድ ከሥሩ የሚፈጥረው ግፊት በባሕር ጠለል ላይ አየር ከሚፈጥረው ግፊት ጋር ይቀራረባል። «በዚህ ቧንቧ 20 ሜትር ግፊት አለ» ሲባል፣ በዚያ ቦታ ቀጥ ያለ ቱቦ ቢተከል ውሃው 20 ሜትር ድረስ ይወጣል ማለት ነው። አንባቢ ይህችን አገላለጽ በአእምሮው ቢይዛት የቀረውን በቀላሉ ይከተላል።

የለገዳዲ ከፍታና የእኛ ከፍታ

አዲስ አበባ በጣም ተዳፋት የሆነች ከተማ ናት። በደቡብ አቃቂ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስትሆን፣ የእንጦጦ ሸንተረር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በየካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ብቻ መገናኛ አደባባይ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው ከእግሩ ሥር እስከ ሸንተረሩ ያለው ልዩነት ከ500 ሜትር በላይ ነው።

ከከተማዋ በስተምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የለገዳዲ ግድብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አገልግሎት ጀመረ። የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የተቋቋመውም በዚያው ጊዜ፣ በ1963 ዓ.ም. ነው። የማጣሪያ ጣቢያው መጀመሪያ በቀን 50,000 ሜትር ኩብ ያመርት የነበረ ሲሆን በኋላ በተደረጉ ማስፋፊያዎች ከሦስት እጥፍ በላይ አድጓል። ከአጠገቡ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶችም ተጨምረውበታል፤ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው ምዕራፍ ብቻውን በቀን 86,000 ሜትር ኩብ እንዲሰጥ የታቀደ ነው። የግድቡ ውሃ ከፍታ ግን 2,450 ሜትር ገደማ ነው። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከለገዳዲ የሚነሣው ውሃ በስበት ብቻ ሊደርስ የሚችለው ከዚህ ከፍታ በታች ወዳሉት ሰፈሮች ነው። ወደ ከተማዋ የሚገባው በየካ በኩል ቢሆንም፣ ከመንገዱ በላይ ባለው ተዳፋት ለሚኖሩት ግን አይወጣላቸውም። ለእነርሱ በፓምፕ እየተገፋ፣ ከአንዱ ማጠራቀሚያ ወደ ሌላው፣ ደረጃ በደረጃ መውጣት አለበት።

አንባቢ፣ «ታዲያ ለምን በአንድ ጊዜ ሸንተረሩ ላይ አውጥተው ከዚያ ወደ ሁሉም አይለቁትም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ከ2,650 ሜትር ማጠራቀሚያ በቀጥታ ወደ መገናኛ ቢለቀቅ ከታች የ250 ሜትር ግፊት ይፈጠራል፤ ይህም የቤት ውስጥ መክፈቻዎችንና መጋጠሚያዎችን ይፈነቅላል። ግፊት በጨመረ ቁጥር በየስንጥቁ የሚፈስሰውም ይጨምራል። ስለዚህ ተዳፋት ከተማ እንደ እርከን ተከፋፍላ፣ ለእያንዳንዱ እርከን የራሱ ማጠራቀሚያ እንዲኖረው ይደረጋል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ማጠራቀሚያ፣ አንድ ተጨማሪ የፓምፕ ጣቢያና አንድ ተጨማሪ የመብራት መቋረጥ ሥጋት አለ።

ተማሪዬን ያስገረመው ትልቁ ቧንቧም ቢሆን አስተላላፊ እንጂ አከፋፋይ አይደለም። ከእርሱ ላይ በየደጁ ቢቀጠል ግፊቱ እየተሸረፈ ሄዶ ማጠራቀሚያው ሳይሞላ ይቀራል። ይህ ትክክለኛ አሠራር መሆኑን የሚያውቅ ሰውም ቢሆን ቧንቧው በደጁ እያለፈ ጀሪካን ተሸክሞ መሄዱ ያንገበግበዋል፤ አይፈረድበትም።

አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ወደ ላይ ለማውጣት

አሁን ወደ ስሌት እንግባ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ጉልበት ክብደት፣ የስበት ፍጥነት ለውጥና ከፍታ ተባዝተው የሚገኝ ነው፦ 1,000 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ100፤ 980,000 ጁል ይሆናል። ይህ በመብራት ቆጣሪ አነጋገር 0.27 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ፓምፑና ሞተሩ ከሚወስዱት ኤሌክትሪክ 60 በመቶውን ብቻ ወደ ሥራ ይለውጣሉ ብንል 0.45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። 200 ሜትር ለማውጣት ደግሞ 0.9 ኪሎ ዋት ሰዓት፤ በቧንቧው ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋው ሲጨመርበት አንድ ያህል ነው።

ይህንኑ ሥራ የሰው ጀርባ ሲሠራው እንመልከት። 55 ኪሎ ግራም የምትመዝን አንዲት ሴት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክማ 100 ሜትር ከፍታ ስትወጣ የምታነሣው ውሃውን ብቻ ሳይሆን የራሷንም ሰውነት ነው፤ በጠቅላላው 76 ኪሎ ግራም ያህል። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ጉልበት ሩብ ገደማውን ብቻ ወደ ሥራ ስለሚለውጥ አንዱ ጉዞ 70 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይፈጃል። አንድ ሜትር ኩብ ለመሙላት 50 ጉዞ ያስፈልጋል፤ ይህም 3,500 ኪሎ ካሎሪ፣ የአንድ አዋቂ ሰው የአንድ ቀን ተኩል ምግብ ማለት ነው። ባዶ ጀሪካን ይዞ ለመውረድ የሚወጣው ጉልበት እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። ፓምፑ ለዚያው ሥራ የሚጠቀመው ወደ 390 ኪሎ ካሎሪ የሚመነዘር ኤሌክትሪክ ነው፤ ከዘጠኝ አንድ እጅ መሆኑ ነው።

የወርሃዊው ሂሳብ ደረሰኝ ይህን ሁሉ አያሳይም። ቆጣሪው የሚያነበው ሜትር ኩብ እንጂ ከፍታ አይደለም። በአዲስ አበባ የአንድ ሜትር ኩብ ታሪፍ ለታችኛውም ለላይኛውም ሰፈር አንድ ነው። እኔ ይህ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ከፍታ የከተማዋ ተፈጥሮ እንጂ የነዋሪው ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ውሃው በቧንቧ ሳይወጣ ሲቀር የከፍታው ዋጋ አይጠፋም። ከደረሰኙ ላይ ተነሥቶ ወደ ጀርባ፣ ወደ እንቅልፍ፣ ወደ ሮቶና ወደ ውሃ ሻጭ ይዛወራል።

የስምንት ጎረቤታሞች ቧንቧ

ከሁሉ ይልቅ ላተኩርበት የምፈልገው ግን ከመንገዱ መስመር እስከ ደጃፋችን ባለው ቧንቧ ላይ ነው። ባለይዞታው በቀጥታ ከኪሱ የሚከፍለው ለዚህኛው ነውና።

በከተማችን ውሃ ለማስገባት የሚፈልግ ባለይዞታ የይዞታ ማረጋገጫውን ይዞ ያመለክታል፤ ከስርጭት መስመሩ እስከ ቆጣሪው ድረስ የሚያስፈልገው ዕቃና የጉልበት ዋጋ ተገምቶ ይነገረዋል፤ ያንን ይከፍላል። ቤቱ ከመስመሩ አሥር ሜትር የሚርቅ ከሆነ ችግር የለም። በተዳፋት ሰፈር ግን መስመሩ ታች መንገድ ላይ ይቀርና ቤቱ ሁለት መቶ ሦስት መቶ ሜትር ወደ ላይ ይሆናል።

በእኛ መንደር ስምንት ቤቶች አሉ። የመንገዱ መስመር ከቤቶቻችን በ300 ሜትር ይርቃል። ሁላችንም በተለያየ ዓመት አመልክተን፣ ሁላችንም ግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ ገዝተን፣ ሁላችንም የየራሳችንን ዘረጋን። ዛሬ በቦዩ ዳር ስምንት ቧንቧዎች ጎን ለጎን ተጋድመው ይታያሉ፤ ልጆች ክራር ይሏቸዋል። ለቅሶና ሠርግ ላይ አንድ ድንኳን የምንጋራ ሰዎች ቧንቧ መጋራት አልታሰበንም፤ ማመልከቻውም በየግል እንጂ በጋራ የሚሞላ አልነበረም። ፊዚክስ አስተማሪው ጎረቤት ራሱ ስምንተኛውን ቧንቧ የዘረጋ ሰው መሆኑን አልደብቅም።

አንድ ሌሊት ጀሪካኑ እስኪሞላ በመጠበቅ ላይ ሳለሁ ከፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ማስላት ጀመርሁ። በቧንቧ ውስጥ የሚሄድ ውሃ በሰበቃ ምክንያት የሚያጣውን ግፊት የምናሰላበት ሕግ የጀርመናዊው ዋይስባህና የፈረንሳዊው ሄንሪ ዳርሲ ስም አለበት። ዳርሲ ስለ ገንዘብም የሚነገርለት ሰው ነው፦ የትውልድ ከተማው ዲዦን ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ካለ ምንጭ በስበት ኃይል ውሃ እንድታገኝ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1840 ሥራውን ሲያስመርቅ ሊከፈለው ይገባ የነበረውን አልቀበልም ብሏል። ሕጉ እንደሚለው የፍሰቱ መጠን ሳይለወጥ የቧንቧው የውስጥ ስፋት በግማሽ ቢቀንስ የሚጠፋው ግፊት ሁለት እጥፍ ወይም አራት እጥፍ ሳይሆን 32 እጥፍ ያህል ይሆናል። ኪሳራው ከስፋቱ አምስተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳልና ነው። አንባቢ ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ያስተውለው። የዛገ ቧንቧም በዚሁ ሕግ ይቀጣል፤ 15 ሚሊ ሜትር የነበረው ስፋት በዝገትና በደለል 11 ሚሊ ሜትር ቢሆን ኪሳራው ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል።

ወደ ስምንቱ ቤቶች እንመለስ። እያንዳንዱ ቤት በሴኮንድ 0.1 ሊትር ይፈልጋል እንበል፤ ይህ ጀሪካን በሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ የሚሞላ ፍሰት ነው። በፈረቃ ሌሊት ሁሉም አንድ ጊዜ ስለሚከፍት ስምንቱን አንድ ላይ ማሰብ ይገባል። ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ፣ ይህን ፍሰት በ300 ሜትር ርዝመት ሲያስተላልፍ 11 ሜትር ያህል ግፊት ይበላል። በስምንቱ ፋንታ ባለ ሁለት ኢንች፣ ማለትም 50 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ቧንቧ ተዘርግቶ የስምንቱን ቤት ውሃ በአንድነት፣ በሴኮንድ 0.8 ሊትር፣ ቢያስተላልፍስ? የሚበላው ግፊት 1.4 ሜትር ገደማ ብቻ ነው!

በሌሊት ኑሮ ሲተረጎም እንዲህ ነው። ቤቶቻችን ከመንገዱ መስመር በ6 ሜትር ከፍ ይላሉ። መንገዱ ላይ ያለው ግፊት 8 ሜትር በሆነበት ሌሊት ውሃውን በቧንቧው ውስጥ የሚገፋው ትርፍ ግፊት 2 ሜትር ብቻ ነው። በተናጠል ቧንቧዎች አንድ ጀሪካን ለመሙላት ስምንት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ 1,000 ሊትር የሚይዘው ሮቶ ለመሙላት ከስድስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። በጋራው ቧንቧ ቢሆን ስምንቱም ቤቶች በአንድ ጊዜ እየቀዱ ጀሪካኑ ከሦስት ደቂቃ ባነሰ፣ ሮቶውም በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ይሞሉ ነበር። ውሃው የሚቆየው ሦስት ሰዓት ብቻ ከሆነ ልዩነቱ የሙሉ ሮቶና ግማሽ እንኳ ያልደረሰ ሮቶ ልዩነት ነው።

«ትልቅ ቧንቧ ውድ ነዋ!» የሚል ይኖራል። እኔም ብያለሁ። መካከለኛ ውፍረት ያለው የግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ በሜትር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ፣ የሁለት ኢንቹ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ስምንት ግማሽ ኢንች ለ300 ሜትር 2,900 ኪሎ ግራም ያህል ብረት ነው። አንዱ ሁለት ኢንች ግን 1,500 ኪሎ ግራም ነው። ብረት በኪሎ ነውና ዋጋው፣ ስምንት ሰዎች ለየብቻ ከፍለን የገዛነው የጋራው ከሚፈጀው ሁለት እጥፍ ያህል ብረት ነው፤ ቁፋሮውም ስምንት ጊዜ ተቆፍሯል። እጥፍ ከፍለን ያገኘነው ውሃ ከሲሶው ብዙም አይበልጥም።

ኢኮኖሚስቶች የውሃ አቅርቦትን «ተፈጥሯዊ ሞኖፖል» የሚሉት ስለዚህ ነው። አንዳንድ ተማሪዎች ይህን የፖለቲካ አስተሳሰብ ይመስላቸዋል። የነገሩ ሥር ግን አምስተኛው ርቢ ነው።

ስለ ቤት ፓምፕ አንድ ማሳሰቢያ

ውሃ ያጠረው ሰው ቀጥሎ የሚያስበው ከመንገዱ መስመር በቀጥታ የሚስብ ትንሽ ፓምፕ መግጠም ነው። ፓምፕ ውሃ አይፈጥርም፤ ጎረቤት ከሚያገኘው ላይ ይወስዳል እንጂ። ጎረቤትም ሲገጥም ወደ ነበርንበት እንመለሳለን፤ ልዩነቱ ሁለታችንም የመብራት ሂሳብ መጨመራችን ነው።

ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ፓምፕ ውሃን «ሲስብ» በእርግጥ የሚያደርገው በቧንቧው ውስጥ ያለውን ግፊት ከውጭው አየር ግፊት በታች ማውረድ ነው፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው አየሩ ነው። በባሕር ጠለል ላይ አየር ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ሊያነሣ ይችላል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ግን የአየሩ ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ስለሚሆን የመጨረሻው ወሰን 7.6 ሜትር ገደማ ነው፤ በተግባር ደግሞ ከ5 ወይም ከ6 ሜትር አያልፍም። ከውጭ የመጣ ፓምፕ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ያህል ስቦ ሳያነሣ ሲቀር ሻጩን የሚሰድቡ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ከፍታውን መስደብ ነበረባቸው። መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ባነሰ ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ ስንጥቅ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ውሃ ያወጣ የነበረው ቀዳዳ የቦዩን ፍሳሽ ወደ ውስጥ ያስገባል። ሮቶን በስበት ሞልቶ ከሮቶው ወደ ቤት በፓምፕ መግፋት ይህን ጉዳት አያስከትልም።

ባለይዞታው ማን ነው? የሚከፍለውስ ምን ያህል?

በሌላው ዓለም የመንገድ ቧንቧ በባለይዞታዎች መዋጮ የተዘረጋባቸው ከተሞች ብዙ ናቸው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ቺካጎን በመሳሰሉ የአሜሪካ ከተሞች መንገድና ቧንቧ የሚሠራው በዚያ መንገድ ዳር ያሉት ባለመሬቶች ወጪውን ተከፋፍለው ሲሸፍኑ ነበር፤ ድርሻቸውም ብዙ ጊዜ መሬታቸው ከመንገዱ ጋር በሚዋሰንበት ርዝመት ይለካ ነበር። አመክንዮው ግልጽ ነው፦ ቧንቧ ሲገባ የመሬቱ ዋጋ ያድጋል፤ ያደገለት ሰው ይክፈል። ክፍያው በግል ቢሰበሰብም የሚዘረጋው ግን አንድ ወፍራም ቧንቧ ነበር። ጉድለቱም የታወቀ ነው፤ መክፈል የማይችል መንገድ ሳይዘረጋለት ይኖራል።

በእኛ አገር በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ የቦታው ዋጋ ማደግ የሚመለከተው በመጀመሪያ መንግሥትን ነው። በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 የተጀመረው የሊዝ ሥርዓትም ባለይዞታው ለቦታው የሚከፍለውን ለመሠረተ ልማት ለማዋል ታስቦ የመጣ ነው። ነገር ግን በየካ ተዳፋት ላይ ሊዝ የከፈለ፣ የድሮ ይዞታ ያለው፣ በቀበሌ ቤት የሚኖር፣ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየና ካርታ የሌለው የጨረቃ ቤት ነዋሪ ጎን ለጎን ይኖራሉ። «ባለይዞታ ይክፈል» የሚለው ቃል ለእነዚህ ሁሉ አንድ ትርጉም የለውም። ማረጋገጫ የሌለው ሰው ገንዘብ ቢኖረውም ለማመልከት ይቸገራል፤ ተከራዩ ደግሞ በማያዝበት ቆጣሪ ይጠቀማል።

የመጨረሻው ሰው ላይ የሚደርሰውን በቁጥር እናሳይ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የነበረው የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በሦስት እርከን የተከፈለ ነበር፦ እስከ 7 ሜትር ኩብ በ1.75 ብር፣ ከዚያ እስከ 20 ሜትር ኩብ በ3.15 ብር፣ ከ20 በላይ በ3.80 ብር። ታሪፉ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል፤ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር ብዙ ማስከፈል የሚለው ሐሳብ ግን አልተለወጠም። ዓላማው ድሃውን መደገፍ ነው። አሁን በአንድ ግቢ አምስት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው በወር 4 ሜትር ኩብ ይጠቀማሉ እንበል። የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው እያንዳንዱ 7 ብር፣ ሁሉም በድምሩ 35 ብር ይከፍሉ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ግን ቆጣሪው 20 ሜትር ኩብ ያነባል፤ 7ቱ በ12.25 ብር፣ 13ቱ በ40.95 ብር፣ በድምሩ 53.20 ብር። ለድሃ የታሰበው እርከን ድሆቹን በአንድነት እንደ አንድ ሀብታም ቈጠራቸው። ቆጣሪ ያልደረሰው ጎረቤት በጀሪካን አንድ ብር ቢገዛ ደግሞ ለሜትር ኩቡ የሚከፍለው 50 ብር ነው።

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የከተማ ውሃ አገልግሎት ወጪውን በራሱ ገቢ ይሸፍን ይላል። በዚህ ላይ ጠብ የለኝም፤ ዋጋው ያልተከፈለ ፓምፕ ሲበላሽ አይጠገንም። ክርክሬ የትኛው ክፍል በማን ይከፈል በሚለው ላይ ነው። ከመንገዱ እስከ መንደሩ ያለው 300 ሜትር የአንድ ሰው የቤት ዕቃ ተደርጎ መታየት አልነበረበትም። የስርጭት መስመር ነው፤ ወፍራም ሆኖ በጋራ መዘርጋት አለበት፤ ወጪውም በየወሩ ሂሳብ ላይ በዓመታት ተከፋፍሎ ሊመለስ ይችላል። ባለይዞታው በአንድ ጊዜ ይክፈል የሚባለው ከመንደሩ መስመር እስከ ቆጣሪው ላለችው አጭር ርቀት ብቻ ቢሆን፣ ከላይ እንዳሰላነው፣ ለከተማውም ለነዋሪውም ይረክሳል። ለተከራዮች ደግሞ በአንድ ግቢ ከአንድ በላይ ቆጣሪ መፍቀድ፣ ወይም እርከኑን በቤተሰብ ቁጥር ማባዛት ይቻላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ሒሳብ የአራተኛ ክፍል ነው።

በእኛ መንደር እድር ባለፈው ክረምት ሐሳቡ ቀርቦ ነበር። ስሌቱን በካርቶን ላይ ጽፌ ሰቀልሁላቸው። አንድ አዛውንት እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ «ልጄ፣ ነገሩስ ገብቶኛል፤ የድሮውን ቧንቧ ነቅለን ብረቱን ብንሸጠው ምን ያህል ያወጣ ይሆን?» አሉ። ጥያቄው ጥሩ ስለነበር በሚቀጥለው ስብሰባ መልሱን ይዤ እንድመጣ ተወስኖ ተበተንን።

ለአንባብያን የቀረቡ መልመጃዎች

የሚከተሉትን ተማሪዎች በየሰፈራቸው እንዲሞክሯቸው አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ ለክተው የሁለቱን ፍሰት ያነጻጽሩ፤ የሚጠፋው ግፊት ከፍሰቱ ሁለተኛ ርቢ ጋር እንደሚሄድ በመውሰድ የትርፍ ግፊቱ ሬሾ ስንት እንደሆነ ያግኙ። ሁለተኛ፣ ስምንቱ ቤቶች በሁለት ኢንች ፋንታ አንድ ኢንች ተኩል (40 ሚሊ ሜትር) ቧንቧ ቢመርጡ 1.4 ሜትር የነበረው ኪሳራ ወደ ስንት ያድጋል? ሦስተኛው ከበድ ይላል፦ ዘጠነኛ ቤት ሊሠራ ነው፤ ባለቤቱም በጋራው ቧንቧ መቀጠል ይፈልጋል። በእርሱ መጨመር ምክንያት በሌሎቹ ስምንት ላይ የሚደርሰው የግፊት ቅናሽ ስንት ነው? ከዚህ ተነሥተው መግቢያ ምን ያህል ቢያዋጣ ተገቢ እንደሚሆን ያሰሉ።